ለኪምቺ ታኮ ሚኒባስ አይሸጥም

ረቡዕ፣ ሰኔ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.። ከጠዋት እስከ ቀትር የወጣ፦ ዘጠኝ ታኮ፣ ሁለት ቡሪቶ፣ አንድ ለስላሳ። የጾም ምግብ ብሎ የመጣ፦ ማንም የለም።

ለውድ ወንድሜ ለተካ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? መሪ ይዘህ ስትውል የሚነሣብህ ያ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም በቀበቶ ጠፍረኸው ነው የምትነዳው? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ያስወጣታል? ባለቤትህ ማዕዶት ደኅና ናት? ልጆቹ ኢያኤልና ኤልሻዳይስ? ጎረቤቱስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? እኔና ልጄ ሆሳዕና በእግዚአብሔር ቸርነት በአካል ደኅና ነን። ከአካል ያለፈውን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

ቀን በቀን የገባ የወጣውን መመዝገብ ስለለመደብኝ ደብዳቤውንም በሒሳብ ጀመርኩት፤ ይቅር በለኝ። ሱቁ ባዶ ስለሆነ ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክማ አንተ ሳትጨርስ ኢያኤል ይነጥቅህና «አክስቴ፣ አሁን ዓለም ላይ የሚበላው እኮ እሱ ነው!» ይለኛል፤ ማዕዶት ከኋላ ሆና «እባክሽ አንቺ ንገሪው፣ እኔን አይሰማኝም» ትላለች፤ እኔ አፌን ስከፍት መስመሩ ይቆረጣል። ወረቀት ግን አይቋረጥም፣ የሚነጥቀውም የለም። የማኅበራችን ሰው ዮናስ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር በእጁ ያደርስልሃል።

የጠየቅከኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ኮሪያንና ሜክሲኮን ያጋባው ምግብ ያዋጣል ወይ? ሁለተኛው፣ ሚኒባሱን ሸጠህ ሀያ ሁለት አካባቢ ከኢያኤል ጋር ቤት ብትከፍት ምን ይመስለኛል? መልሴን ከፊት ላስቀምጥልህ፤ አትሽጥ። የቀረው የዚህ ቃል ምክንያት ነው፤ ታግሠህ አንብበው።

ሱቁን እንዴት እንደያዝኩት በቅጡ ነግሬህ አላውቅም። እዚህ ሚኔሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ዋናው መንገድ ላይ አንድ ኮሪያዊ ወጣት ይህንኑ ታኮ ይሸጥ ነበር። ሲያትል ሥራ አግኝቶ ሲሄድ እኔ የበርበሬና የሕፃናት ልብስ ንግድ ሰልችቶኝ ነበርና ቤቱን ከነስሙ፣ ከነምድጃው፣ ከነወጥ ቤቷ ተረከብኩት። ወጥ ቤቷ ኤርሊንዳ የምትባል የሜክሲኮ ሴት ናት። ኪምቺውን የምትሠራልኝ ደግሞ የልጁ እናት ሚሰስ ናም ናት። ልጇ ሲሄድ እሷ ቀረች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በትልልቅ ጠርሙስ ሞልታ ታመጣለች። እኔ እንደምታውቀኝ ነጋዴ ነኝ። የሚሄድ ዕቃ ካገኘሁ ለምን ይሄዳል ብዬ አልመራመርም ነበር።

ኢያኤል ከሚያሳይህ ቪዲዮ ላይ ሽታው ስለማይመጣ ምግቡን ላስረዳህ። ታኮ ማለት በቂጣ ታጥፎ በእጅ የሚበላ ሥጋ ነው፤ ቂጣው ቶርቲያ የሚሉት ስስ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ በቆሎው አስቀድሞ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ነው የሚፈጨው። እሱ የሜክሲኮ ነው። ሥጋው በአኩሪ አተር ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በስኳር ታሽቶ ያድርና ይጠበሳል፤ እሱ የኮሪያ ነው። ላዩ ላይ የሚደረገው ኪምቺ ረዘም ያለ ጥቅል ጎመን በጨውና በቀይ በርበሬ ተለውሶ እስኪኮመጥጥ የተቀመጠ ነው። ቆጮ የለመደ ሰው ኮምጣጣነቱን አይፈራውም። የእኛን ድልህ የመሰለ ነገርም አላቸው፤ የእነሱ ግን ስኳር አለው። ጣዕሙን ከጠየቅከኝ አልዋሽህም፣ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ቆሜ ሦስት በላሁ። ችግሩ ከጣዕሙ አይደለም።

ችግሩን ያየሁት በኤርሊንዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሠራው ትውልና ምሳዋን ከቤቷ ያመጣችውን ባቄላ ነው የምትበላው። አንድ ቀን ለምን እንደማትበላው ጠየቅኳት። «እሱ ለእኔ ታኮ አይደለም፣ ሥራ ነው» አለችኝ። የአገሯ ልጆች፣ ጣሪያ የሚሠሩት፣ አንዳንዴ ይመጣሉ። ሰሌዳውን ያነቡና ይሣሣቃሉ፤ ከዚያ «ጎመኑን አንሺልን፣ ስኳሩን አንሺልን» ብለው ተራውን ሥጋ ያዛሉ። ሚሰስ ናምም ያው ናት። ኪምቺዋን በሩዝ ትበላለች፤ ቶርቲያውን ግን አንዴ ጫፉን ቀምሳ «ካርቶን» ብላ መለሰችልኝ። እንግዲህ ግራና ቀኝ የቆሙት ባለቤቶቹ ሲሸሹት መሐል የቀረሁት እኔ ነኝ፣ የመርካቶዋ ስንታየሁ።

እዚህ አገር ከሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ መጥተው በነጮች ቤት ያደጉ ኮሪያውያን ብዙ ናቸው። አንዱ ላርሰን ይባላል፤ አርባ ዓመት የሞላው ትሑት ሰው ነው። በልቶ ሲያበቃ «ትክክለኛው ጣዕም ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ! ማክሰኞ ነበርና «እሷን ጠይቃት» ብዬ ወደ ሚሰስ ናም አሳየሁት። እሷ ፊቱን አይታ ደስ ብሏት በቋንቋዋ ረጅም ነገር ነገረችው። አንድም አልገባው። ሁለቱም ዞረው እኔን ያዩኛል፣ ላስተረጉም! ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ እጁን ያነሣልኛል እንጂ አይገባም።

ወደ እኛ ሰው ልምጣልህ፤ ያነሣኝም የጣለኝም እሱ ነውና። በመጀመሪያ አቶ ቸሩ መጡ፤ አሮጊቶችን የሚያስታምሙ፣ ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ ድራይቭ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ታኮውን በእጃቸው አላነሡትም። ሳህኑ ላይ ዘረጉት፣ ውስጡን አፈሰሱ፣ ቂጣውን ቆርሰው እያጠቀሱ በሉ። ሲያልቅ ጣታቸውን አነሡና «ስንታየሁ፣ ወጡ ተርፏል፣ ቂጣ ጨምሪ» አሉኝ። እዚህ ቤት ቂጣ እንደሚቆጠር እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ጨመርኩ። በሳምንቱ ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ፤ ሁሉም ዘርግተው በሉ፣ ሁሉም ቂጣ አስጨመሩ። ኤርሊንዳ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታ አማተበች። እኔ ግን በልቤ «ወገን ከለመደው ይሄዳል» አልኩ።

ያኔ ነው ጾሙን ያሰብኩት። ሥጋውን አውጥቼ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ የሚሉትን ጠብሼ ኪምቺ ባደርግበት ማን ይቀድመኛል? ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሚሰስ ናምን አስቀምጬ ማንኛችንም ብንሆን የምንጠይቀውን ጠየቅኳት። ሥጋ አለው? የለውም። ወተት? የለውም። ቅቤ? የለውም። እንቁላል? ሣቀች፣ በጎመን ውስጥ እንቁላል ምን ሊሠራ! እውነቷን ነው የመለሰችልኝ። እኔም የምችለውን ሁሉ የጠየቅኩ መሰለኝ።

ተካ፣ እንደዚያ ጾም ሸጬ አላውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ይሞላል። ነርሶቹ፣ ሹፌሮቹ፣ ኤርፖርት የሚሠሩት፣ ሁሉም ቆመው ይበላሉ፤ ለቤትም ያስይዛሉ። ወይዘሮ ፀጋን አታውቃትም፤ እኅቷ አዲስ አበባ ኩላሊቷን ታማ ስለት ገብታ ዓሣ እንኳ ሳትቀምስ የምትጾም ሴት ናት። ዓርብ ዓርብ ጾሟን ውላ እኔ ጋ ነበር የምትቀምሰው። ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ማክሰኞ ኪምቺውን ለማኅበሯ ልትሠራ ፈልጋ «አሠራሩን አስተምሩኝ» ብላ መጣች። ሚሰስ ናም የሚማርላት ሰው በማግኘቷ ፊቷ በራ። የሚሰስ ናምን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ሆሳዕና ታስተረጉማለች፤ ልጄ አማርኛውን ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ደግሞ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በርበሬ። «ከዚያ ሽሪምፕ» አለች ሆሳዕና፣ እንደ ጨው ቆጥራው። ሚሰስ ናም ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ አሳየችን። ከነዓይናቸው፣ ከነእግራቸው፣ በጨው የተነከሩ፣ ሮዝ የሚመስሉ።

ሽሪምፕ፣ ያ ብዙ እግር ያለው የባሕር ፍጥረት፣ በጾም ብቻ ሳይሆን በፍስክም የማንነካው ነው። ከእኛ ወገን ጎመን ሲያይ የባሕር ተንቀሳቃሽ አለበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ሚሰስ ናም ደግሞ ጣዕሙን የሚሰጠውን ነገር እንደ ቅመም እንጂ እንደ ሥጋ አትቆጥረውም። ማንም አልዋሸም።

ፀጋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ዓርብ ዓርብ ሁሉ ነበረበት?» አለችኝ። «ሁሉም ላይ ነበረ» አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ ወጣች። በዚያኑ ሰዓት በሩ ላይ በአማርኛ ጽፌ ለጠፍኩ፤ «ኪምቺው ሽሪምፕ አለበት፤ የጾመ እንዳይበላ፤ እስከ ዛሬ ሳታውቁ ለበላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ። ለቄሱም ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳታውቁ ነውና ስግደት ጨምሩ ብለው ሁሉን በእርጋታ አሰናበቱ። ሰው ግን እንደ ቄሱ አይደለም። «አውቃ ነው፣ ለገበያዋ ብላ ነው» ያለም ሰምቻለሁ። የፀጋ እኅት ለትንሣኤ ሳትደርስ ዐረፈች። ፀጋ በዚያ ምክንያት ነው ብላ ታምን ይሆናል፤ ግን አትናገርም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ለቅሶ ስደርስ እጄን ጨብጣ ተቀበለችኝ። ያመጣሁት ምግብ ግን ሳይከፈት በር ላይ ተቀምጦ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ የሹፌሮቹ መሣቂያ ሆንኩ። ናፍያድ የሚባል ታክሲ ነጂ አለ፤ የወንጌል አማኝ ስለሆነ የእኛ ጾም አይመለከተውም። በመስኮት አንገቱን እያስገባ «እትዬ ስንታየሁ፣ የዛሬው ጎመን ስንት እግር አለው?» ይለኛል። ልቡ ግን ደግ ነው። ሱቁ ባዶ መሆኑን ሲያይ ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዞ እየመጣ አስበላልኝ። ያም አልቆየም። መቅረታቸውን ሳነሣበት «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የመጣነው ለምሕረት ነበር እንጂ ለሆዳችን አይደለም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ እውነት ተናገረ። ደንበኛ በምሕረት አይያዝም።

ሚሰስ ናም ነገሩ ሲገባት አለቀሰች። ያለ ሽሪምፕ ሠርታ አመጣች፤ ራሷ ቀመሰችና ማንኪያውን አስቀምጣ «የበሽተኛ ነው» አለች። ሆሳዕና «ማሚ፣ ቪገን ብለሽ ጻፊበት» አለችኝ፤ ከእንስሳ የተገኘ የለበትም ማለት ነው፤ ጻፍኩበት። ተስፋዬን በሰኔ ጾም ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ይኸው ሰኔ ጾም ገብቷል፣ ዛሬም ረቡዕ ነው፤ ሒሳቡን ከላይ አይተኸዋል። አቶ ቸሩ እንኳ ማዶ ካለው ቡና ቤት ገብተው ሲወጡ ባርኔጣቸውን አንሥተው ይሰላሙኛል፣ መንገዱን አይሻገሩም። ሚሰስ ናም ግን አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ይዛ ትመጣለች። ልጇ ስልክ እንደማይደውል አውቃለሁና ተይ ማለት አቃተኝ።

የቤቱ ሊዝ ወሩ ሲያልቅ ያበቃል፤ አላሳድሰውም። ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ሰው ይፈልጋል፤ ተነጋግሬያለሁ። ኤርሊንዳ ወደ እኅቷ ልትሄድ ነው። ሆሳዕና ስነግራት ስልኳን ሳትለቅ «ኦኬ» አለች፤ ቆይታ ግን መጥታ ከኋላዬ አቅፋኝ ቆመች።

ይህን ሁሉ የነገርኩህ እንድታዝንልኝ አይደለም። አንተ ልትገባበት ያሰብከውን እኔ ገብቼበት ስላየሁ ነው። ኢያኤል የሚያሳይህ ሰልፉን ነው፤ ሰልፈኛው ሲበተን የሚቀርጽ የለም። ይህ ምግብ ባለቤት የለውም፣ ወንድሜ። ክፉ ቀን ሲመጣ «ይህ የእናቴ ነው፣ አይነካብኝ» ብሎ የሚቆምለት ሰው የለም። ሸሮ ቤት ቢያጠፋ ሰው ሸሮን አይተውም፣ ቤት ይቀይራል፤ የእኔ ቤት ሲያጠፋ ምግቡም አብሮ ቀረ። አዲስ አበባ ደግሞ የዓመቱ ግማሽ ጾም ነው። ቅመሙ በዶላር የሚገባ፣ ቂጣው በኖራ የሚቀቀል፣ ማዕዶት የማትበላው፣ እማዬ ስሙን መጥራት የማትችለውን ምግብ ይዘህ ማንን ልትጠብቅ ነው? እኔ ስወድቅ ሆቴል አለልኝ። አንተ ስትወድቅ ምን አለህ?

ሚኒባሱ ያድናችኋል አልልህም። የነዳጁን ሰልፍ፣ የመለዋወጫውን ዋጋ፣ የወገብህን ነገር አውቃለሁ። እያለቀ ነው፤ ቢሆንም እያለቀ ያበላችኋል። ከእሱ የተሻለ የማመለክትህ ነገር ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ፤ የለኝም። ማዕዶት ከገዢው ቀብድ ሳይቀበል አልቀረም ብላኛለች። ተቀብለህ ከሆነ መልስለት። ሰውየው ይሰድብሃል፤ ስድብ ያልፋል። ይህ ወረቀት ከመድረሱ በፊት ሸጠኸው እንደሆነ ግን ሌላ ምክር የለኝም፤ እንዲያ ከሆነ ቢያንስ ገንዘቡ ላይ ተቀመጥ፣ ቤት አትከራይ።

በዮናስ ሻንጣ ላኪልኝ ያልከኝን የቶርቲያ መዳመጫ ማሽን አልክልህም። ቃል ሰጥቼህ ነበር፣ አውቃለሁ። ጠርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሁሉ አዘጋጅቼው ነበር። ትናንት ግን ሳየው እሱ እጅህ ከገባ ሚኒባሱ እንደማይተርፍ ታወቀኝ። ኢያኤል ጠዋት ማታ ያሳይሃል፣ «ማሽኑ ቁጭ ብሎ» ይልሃል። አንተ ደግሞ የያዝከውን ዕቃ ሳትጠቀምበት መተው አይሆንልህም፤ ከልጅነትህ አውቅሃለሁ። ሆፕኪንስ ውስጥ ታኮ ቤት ያለው አንድ ሰው ሊወስደው ተስማምተናል። ትቆጣኛለህ። ለረጅም ጊዜ ስልኬን አታነሣም ይሆናል። እማዬ ስትጠይቅህ «ሥራ በዝቶባት ነው» በላት።

ደብዳቤውን ለእማዬ ስታነብላት የሽሪምፑን ነገር ዝለለው፤ ለእኔ ብላ ሱባዔ እንዳትገባ። ጉልበቷን ሳምልኝ ብላኛለች ብለህ አንተ ሳምልኝ። ማዕዶትን አንገቷን አቅፌ ስሜያታለሁ፤ የነገረችኝን እንዳልረሳሁ ንገራት። ኢያኤል በእኔ እንዳይቀየም፤ አክስቱ ሞክራው እንጂ ጠልታው እንዳልሆነ ይወቅ። ኤልሻዳይን ጉንጭና ጉንጯን። የግቢውን ሰው፣ እትዬ አስካለን፣ ተራ አስከባሪዎቹንም ሳይቀር ሰላም በልልኝ። ሆሳዕና በቋንቋዋ «ሃይ» ብላችኋለች።

እኅትህ ስንታየሁ
ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኔሶታ፤ ሰኔ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነገ፦ ጠዋት መዳመጫውን ሆፕኪንስ ማድረስ። ሲመለሱ ደብዳቤውን ለዮናስ መስጠት።